የቀዝቃዛው ምድጃ ተራ

በዚያ ዓመት ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። አጃው አበበ እንጂ ፍሬ አልያዘም። በረዶው በኅዳር ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን በዓል በፊት ወረደ፤ ወርዶም አልተነሣም። ተኩላዎች እስከ በረት በር ድረስ መጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ሞቱ፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ስለ ነበር መቃብራቸውን ለመቆፈር መጀመሪያ እሳት ማንደድ ግድ ሆነ። ከገና በኋላ በቪላር ዳ ኡርዜ መንደር በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላ ቤት አልነበረም።

የመንደሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው አንድ ነገር ቆረጡ። ከእንግዲህ በመንደሩ ምድጃ የሚጋግር ተራ ያለው ቤት ብቻ ነው። በሰው እሳት ጥግ ለጥፎ መጋገር ቀረ። እንጨት የለም፤ ምሕረትም እንደ እንጨቱ አልቋል።

ይህ ውሳኔ ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ የሚነካው አንዱን ብቻ ነበር። የዚያ ቤት ጠባቂ ዜፌሪና ውሳኔውን በሴቶቹ በኩል ቆማ ሰማች። ሻሿን አጠበቀች፤ የእንጨት ጫማዋን ከበረዶው ነቀለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ምድጃው የሁሉም ነው። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ የራሱ ቤትም አለው። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ፈትቶ ስለሚውል ሰኞ ሲነጋ በረዶ ነው። ቀዝቃዛውን የሚሰብር ሰው የሌላውን እጥፍ እንጨት ይፈጃል። ከእሱ በኋላ የሚመጡት በእሱ ሙቀት ላይ ጥቂት ጨምረው ሳምንቱን ይጋግራሉ። ስለዚህ ሰኞ በዙር ነው። ባለተራው በር ላይ የበሬ ቀንድ ይንጠለጠላል። ባለተራው በራሱ እንጨት፣ በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ያነዳል። ድንጋዩ ሲነጣ ቀንዱን ይነፋል። ሲመሽ ደግሞ ቀንዱን ወስዶ በሚቀጥለው ቤት በር ላይ ይሰቅለዋል።

ዜፌሪና የምትጠብቀው የታቦርዳ ቤት በር ላይ ያለው ምስማር ግን ባዶውን ዝጎ ነበር። ቀንዱ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰቅሎበት ተራው በደረሰበት ሰኞ ማለዳ፣ አባቱ የሞተበት ወጣት ጋስፓር ታቦርዳ ፈረሱን ጭኖ ወደ ፖርቶ ወረደ። ጊዜው የርስ በርስ ጦርነት ነበር። አንዳንዱ ሊዋጋ ሄደ አለ፤ አንዳንዱ ሊጽፍ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከተዋጋው ይልቅ የጻፈው በዛ። መጽሐፎቹ በሊዝቦን ቤተ መንግሥት ሳይቀር ተነበቡ፤ ንጉሡም ቪስኮንት በሚል የመኳንንት ማዕረግ ሾሙት። ወደ መንደሩ ግን አልተመለሰም።

ዜፌሪና የሞግዚቱ ልጅ ናት። አንድ ጡት ጠብተው ነው ያደጉት። ቤቱን ስትጠብቅለት ጸጉሯ ነጣ። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ዳቦዋን የምትጋግረው በሰው ቸርነት ነው፤ ሁሉም ጋግሮ ሲጨርስ፣ ምድጃው ሊሞት ሲል። ዳቦዋ ተነፍቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ ተራውን እኔ ላንድድ ብላ አማሮን ለምና ነበር። አማሮ ያን ጊዜ የመንደሩ ዳኛ ነበር።

«አይሆንም» አላት። «ዕዳው የሱ ነው። አንቺ ከከፈልሽው እሱ መቼም አይከፍለውም።»

*

ጋስፓር የመጣው ድንቹ በበሰበሰበት በዚያ ክረምት ነው፤ መንገዱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው። ዜፌሪና ገሳዋን ደርባ እስከ ድልድዩ ወጣች። ባለ በቅሎው ልጓሙን ይዞ እየተሳደበ ይጎትታል። በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ረጅም፣ ከሲታ፣ ባርኔጣውን በሻርፕ ያሰረ ነው። ከኋላው በሌላ በቅሎ ላይ አንድ ሣጥንና እግሩ የታሰረ የጽሕፈት ጠረጴዛ ተጭኗል።

«ማነው እዚያ የቆመው?» አለ ሰውዬው።

አጠገቡ ነበር የቆመችው። ያኔ ገባት።

«እኔ ነኝ። ዜፌሪና።»

እጁን ዘረጋ። እጁ ያረፈው ከትከሻዋ አልፎ ነው። «ከፊት ለፊቴ ያለውን አላይም» አላት። «ጥግ ጥጉን ብቻ ነው የማየው። ሐኪሞቹ እሱም ብዙ አይቆይም ብለዋል። ሳይጨልም አገሬን ልየው ብዬ ነው። አንድ መጽሐፍም ቀርቶኛል።»

«ታዲያ ለአገር ማያ ይሄንን ወር መረጥክ?»

ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም። እሷም ልጓሙን ከባለ በቅሎው ተቀበለች።

ቤት ገብተው የጎመን ሾርባ ሰጠችው፤ ከሾርባው ጋር ዳቦ። ጋስፓር ዳቦውን ቆረሰ፤ ማለትም ሊቆርስ ሞከረ። በጣቶቹ ዳሰሰው። አሸተተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ።»

«ዳቦነቱንማ አወቅሁ። ምን ሆኖ ነው?»

«አመድ ውስጥ ነው የጋገርኩት። ድስት ደፍቼበት።»

«ምድጃው ፈረሰ እንዴ?»

«ምድጃውማ አለ» አለችና ሾርባውን ማማሰል ጀመረች። የሚማሰል ነገር ግን አልነበረውም።

በዚህ መካከል ጎረቤቷ ኤውላሊያ ፍም ልጭር መጣሁ ብላ ገባች። ፍም ከቤቷ አልጠፋባትም። እንግዳውን ልታይ ነው።

«ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ! እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ!» ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች። «ውይ፣ ዳቦውን ይዘውታል? ይጠንቀቁ፣ እግርዎ ላይ እንዳይወድቅ።»

«ኤውላሊያ፣ ፍምሽን ያዢና ሂጂ» አለቻት ዜፌሪና።

«እሄዳለሁ፤ ማን ሊያድር መጣ? ክቡርነትዎ፣ መጽሐፍዎን አባ አንሰልሞ አንብበውልናል። ጾሙን ሙሉ! ያ ልጅ ምድጃውን አንድዶ፣ የዳቦው ሽታ እስከ ድልድዩ ሲከተለው! አለቀስን። ያላለቀሰ አማሮ ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«‹ይሄ ሰው ወረቀት ላይ ሲያነድ ጎበዝ ነው› አለ።»

ጋስፓር ማንኪያውን አስቀመጠ። ዜፌሪና ለኤውላሊያ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት። ኤውላሊያ ምልክት የሚያስቆማት ሴት አይደለችም። ሁሉንም ነገረችው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ቀንዱ ሳይነፋ እንደቀረ። ሴቶቹ ሊጣቸውን በቡሃቃ ተሸክመው በረዶ ላይ ቆመው እንደጠበቁ። ተራው ወደሚቀጥለው ወደ አማሮ ቤት እንደዘለለ፤ አማሮም በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብሎ እንጨት ስላላዘጋጀ መጥረቢያውን ይዞ ተራራ እንደወጣ። ነፋሱ እንደያዘው። የግራ እግሩ ጣቶች ጠቁረው አንድ በአንድ እንደወደቁ። የታቦርዳ ቤት ከዚያ ወዲህ በዙሩ የሌለ፣ የተሰረዘም ያልሆነ፣ የተንጠለጠለ ቤት እንደሆነ።

«እሷም የኛን ምድጃ ልሳ ስትጋግር ኖረች። ዘንድሮ እሱም ቀረ» አለች ኤውላሊያ። ከዚያም የተናገረችው ድንገት ለራሷ የተሰማት ይመስል ፍሙን ረስታ ወጣች።

ጭሱ በጣሪያው ሣር መካከል መውጫውን እየፈለገ ነበር።

«ለምን አላስጻፍሽልኝም?» አለ ጋስፓር።

«በአባ እጅ? እሳቸው ብዕር ይዘው እኔ ስለ እንጨት ላውራ?» አለችው። «ደግሞ የምታውቀው መስሎኝ ነበር። ተራው ያንተ ነበር እኮ።»

«አንድጄ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ።»

«መጽሐፉ ላይ ነው ያነደድከው።»

«ብዙ ጊዜ ጻፍኩት፤ ብዙ ጊዜም ለሰው አወራሁት» አለ ቀስ ብሎ። «በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ትንሽ አነደድኩት። በመጨረሻ ሙቀቱን በእጄ ላይ አስታውሰው ጀመር። ዜፌሪና፣ እውነት ነው የምልሽ። ሙቀቱን አስታውሰዋለሁ።»

እሷ ሳህኑን ከፊቱ አነሣች። ያልሞቀውን ሙቀት የሚያስታውስ ሰው ፊት ምን ይባላል?

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደወሉ ለጉባኤ ተደወለ። ወንዶቹ በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በግድግዳው በኩል ቆሙ። ዳኛው ብራዝ ነው፤ የአማሮ ልጅ፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ቶሎ የማይናገር ሰው። አማሮ ራሱ ከጥጉ ድንጋይ ላይ በሁለት እጁ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል። ቪስኮንቱ ሲመጣ ሁሉም ባርኔጣውን አነሣ። አማሮ ግን ከዘራውን ነው ያየው።

ጋስፓር ባርኔጣውን አውልቆ በረዶው ላይ ቆመ። አዲስ ምድጃ በኖራ አሠራለሁ አለ፤ ጭስ ማውጫ ያለው።

«ምድጃ አለን፣ ክቡርነትዎ» አለ ብራዝ።

ከታች አገር በበቅሎ እንጨት አስመጣለሁ አለ ጋስፓር፤ ክረምቱን ሙሉ የሚበቃ።

«መንገዱ ተዘግቷል። ቢከፈትም ያ እንጨት የገበያ እንጨት ነው። የእርስዎ ቤት እንጨት አይደለም።»

«መጽሐፉን ያንድዱልን!» አለ አንዱ ከኋላ። «ወፍራም ነው፣ ሁለት ዳቦ ያበስላል!»

ደጁ በሳቅ ተናጋ። ጋስፓርም ሳቀ። «ሦስት ያበስላል» አለ። «አንተ አላነበብከውም መሰለኝ።»

ሳቁ ሲበርድ ጋስፓር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ተራዬ ይሰጠኝ።»

ብራዝ ወደ አባቱ ዞረ። አማሮ ለልጁ ተናገረ፤ ቪስኮንቱ በዚያ እንደሌለ ሁሉ።

«ቀንዱ ኤውላሊያ በር ላይ ነው በለው። እሷ ከፈቀደች ይውሰድ።»

«ፈቅጃለሁ!» አለች ኤውላሊያ ከሴቶቹ በኩል። «ዛሬውኑ! ከፈለጉ የሚቀጥለውንም ዙር ይጨምሩልኝ!»

ብራዝ እጁን አነሣ። ሕጉን የተናገረው ቀስ ብሎ ነው፤ ለሁሉም እንዲሰማ። እንጨቱ የራሱ ቤት ይሆናል። የሚሸከመው በራሱ ጀርባ ነው። የሚያነደው በራሱ እጅ ነው። ድንጋዩ መንጣቱን የሚናገረው እሱ ነው። ሌላ ሰው እጁን ወይም ቃሉን ከጨመረበት፣ ወይም እሳቱ ከሞተበት፣ የታቦርዳ ቤት ከዙሩ ይሰረዛል፤ ቤቱ እስካለ ድረስ።

ዜፌሪና ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ቀረበች። እስካሁን ቤቱ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የተንጠለጠለ ነገር አንድ ቀን ሊወርድ ይችላል። ነገ ግን ይቆረጣል። ወይ የራሷ እሳት ይኖራታል፣ ወይ እስክትሞት አመድ ትልሳለች። ይህም የሚወሰነው ፊት ለፊቱን በማያይ ሽማግሌ እጅ ነው።

«እሺ» አለ ጋስፓር።

*

ወደ ቤት ሲመለሱ በእጁ ትከሻዋን ይዞ ነበር። በሩን እንደዘጉ «እንጨት አለን?» አላት።

«ለማዕድ ቤት የምትበቃ አለች።»

«ተራራውስ?»

«ተራራው እስከ ወገብ በረዶ ነው። ያለው እንጨት እርጥብ ነው።»

አሰበ። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛው ሄዶ በመዳፉ መታው። «ይሄ የባሉጥ እንጨት ነው። ደረቅ ነው። መጥረቢያ አምጪ።»

ዜፌሪና ሳቀች። ከበጋ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር።

«ምን ያስቅሻል? አርባ መጽሐፍ ጽፌበታለሁ። ከዚህ የበለጠ የኔ የሆነ እንጨት የት ይገኛል?»

«ቀለም ተቀብቷል እኮ! ዳቦው የጫማ ቤት ይሸታል። መንደሩ ሁሉ ሲያስታውክ ሊያድር ነው?»

ክንዱን ያዘችና ወደ በረቱ ወሰደችው። ከከብቶቹ አልፎ፣ ደረጃው ሥር፣ በሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ነገር አለ። ምንጣፉን ገለጠች። እጁን ወስዳ አስነካችው።

ጋስፓር በጣቶቹ ሄደበት። ከወገብ በላይ ተከምሯል። የአስታ ቁጥቋጦ ሥሮች፣ ከበድ ከበድ ያሉ፣ ድንጋይ የመሰሉ። ከሥር የባሉጥ ፍልጦች። ደረቅ። አንዱን በአንዱ መታው፤ እንደ ደወል ጮኸ።

«የማነው?»

«የቤቱ።»

«መቼ ነው የከመርሽው?»

«በየዓመቱ። መስከረም ላይ አዲሱን አመጣለሁ። አዲሱ ሲገባ አሮጌውን አነዳለሁ። ከዚያ በፊት አልነካውም።»

ጋስፓር ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዓይኑ ግን ከጆሮዋ አልፎ ነበር የሚያየው። «አንድ ዓመት በልደት ሰሞን ሳንባሽን ታመሽ ነበር። አባ ጽፈውልኝ ነበር። ቤቱ ውስጥ ውኃው ይረጋል ብለው።»

«አዎ።»

«ይሄ እንጨት እዚህ እያለ?»

«ይሄማ የመሞቂያ እንጨት አይደለም» አለችው። «የተራው ነው።»

እሱ ፍልጡን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከብቶቹ ያመሰኳሉ። ገመዱን አምጥታ ሸክም እንዴት እንደሚታሰር አሳየችው። እሱ ማሰርና መፍታት ተለማመደ። ማሳየት በሕጉ አልተከለከለም።

*

ሰኞ ሲነጋ በረዶው ቆሞ ብርዱ ግን ነበር። ጋስፓር የከተማ ካፖርቱን አውልቆ የአባቱን ገሳ ደረበ። የመጀመሪያውን ሸክም አነሣ። ዜፌሪና ቡሃቃዋን በራሷ ላይ ይዛ ከፊቱ ሄደች። እሱን መንካት አትችልም፤ መናገርም አትችልም። ነገር ግን በእንጨት ጫማዋ መሬቱን ጠንከር አድርጋ መርገጥ የሚከለክላት ሕግ የለም። ቀው፣ ቀው፣ ቀው እያለች ወረደች። እሱም ጫማውን በጆሮው እየተከተለ ወረደ።

ሰዎች በየበራቸው ቆመው ያዩ ነበር። ማንም አልሳቀም። ቪስኮንት እንጨት ሲሸከም ያየ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚሳቅበት ገና አላወቁም።

በመንደሩ ምንጭ አጠገብ፣ ውኃው ረግቶ መስተዋት በሆነበት፣ ጋስፓር ወደቀ። እንጨቱ ተበተነ። ዜፌሪና ቆመች። አንድ ጎረምሳ ሊያነሣለት እጁን ዘረጋ፤ እናቱ በሻሿ ጫፍ መታችው። ጋስፓር በአራት እግሩ እየዳኸ ሥሮቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ፈለገ። አሰራቸው። መጀመሪያ የታሰረው ተፈታ። እንደገና አሰረ። ሲነሣ ከጉልበቱ ላይ ደም ነበር። ዜፌሪና እንደገና መርገጥ ጀመረች። ቀው፣ ቀው፣ ቀው።

ቁልሉ ሁሉ እስኪያልቅ ተመላለሰ። የምድጃው ቤት ሞልቷል። ሴቶቹ ሊጣቸውን ይዘው በግድግዳው ተደርድረዋል፤ እንደዚያች ሰኞ። ጋስፓር በጠባቡ አፍ ግማሽ አካሉን አስገብቶ እንጨቱን ደረደረ። ጭራሮውን ለኮሰ። ጠፋ። እንደገና ለኮሰ። ጭስ ብቻ ተመልሶ ፊቱን መታው። እያሳለ ወጣ።

«መጽሐፉ ላይ በአንዴ ነበር የተያያዘው!» አለች ኤውላሊያ፤ ዝም ማለት ስላልቻለች።

«መጽሐፉ ላይ ነፋስ አልነበረም» አለ ጋስፓር ዓይኑን እየጠረገ።

አሁን ሳቁ። እሱንም የመንደሩ ሰው የሚሳቅበትን ሳቅ ሳቁበት፤ ዜፌሪና ይህን ልብ አለች።

ዜፌሪና ምን እንዳጠፋ አይታለች። እንጨቱን አጥብቆ ደርድሮታል፤ እሳቱ አይተነፍስም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሻሿን በጥርሷ ነከሰች። ጋስፓር በጉልበቱ ተቀምጦ እጁን ወደ ምድጃው አፍ ሰደደና የደረደረውን ዳሰሰ። ከዚያ እንደገና ገባና ሥሮቹን አውጥቶ በዝግታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስደግፎ፣ በመካከላቸው በጡጫው ልክ ክፍተት እየተወ ደረደራቸው። በሦስተኛው ክብሪት ጭራሮው ተንጣጣ። ከዚያ አስታው ተያያዘ። አስታ ሲያዝ ድምፁ የሚያልፍ መንጋ ነው።

እሳቱ ረፋዱን ሙሉ ነደደ። ድንጋዩ መጀመሪያ በጥላሸት ይጠቁራል። ሙቀቱ ሲጠነክር ጥላሸቱ ራሱ ይቃጠልና ድንጋዩ ይነጣል። ሁሉም ጣሪያውን አንጋጦ ያያል። ጋስፓር አያይም። ዜፌሪና ነጩን ከአፉ አካባቢ ሲጀምር አየችው፤ ወደ ውስጥ ሲሄድ አየችው። ቀድሞ ከተናገረ ዳቦው ጥሬ ይሆናል፤ ቤቱም ይሰረዛል። ከዘገየ እንጨቱ ያልቃል።

ጋስፓር እጁን ወደ ዱቄት ከረጢቱ ሰደደ። ጭብጥ ዱቄት በምድጃው ድንጋይ ላይ ወረወረ። ጆሮውን አዘነበለ፤ አሸተተ። ራሱን ነቀነቀ። ጠበቀ። የመጨረሻዎቹን ሥሮች ጨመረ። እንደገና ወረወረ። የተቆላ አጃ ሽታ በምድጃው ቤት ሞላ፤ ያላረረ፣ ጥሬም ያልሆነ።

«ነጣ» አለ።

ብራዝ ጎንበስ ብሎ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። «ነጥቷል» አለና ቀና አለ።

ጋስፓር ቀንዱን አነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ የታመመች ላም ነበር። ሁለተኛው ግን ወጣ፤ ተራራው መለሰው።

ፍሙ ተጠረገ። ቀዝቃዛውን የሰበረ ቤት ቀድሞ ያስገባል። ሴቶቹ ለዜፌሪና መንገድ ከፈቱላት። ዳቦዋን በረጅሙ የእንጨት አካፋ አስገባች፤ ከዚያ የሌሎቹ ገባ። በሩ በእበት ተመረገ።

የሆነውም ይህ ነው። ሴቶቹ በጊዜው የየራሳቸውን አወጡ። ዜፌሪና አላወጣችም። እድሜዋን ሙሉ የጋገረችው በሞተ ምድጃ ነው፤ ዳቦ ለመብሰል ግማሽ ቀን እንደሚፈልግ ነው የምታውቀው። ቡሃቃዋ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ደስ ብሏት ጠበቀች። የነገሯት ሁሉ ሊያፋጥኗት መሰላት።

«ዜፌሪና፣ እየሸተተ ነው» አለቻት ኤውላሊያ።

«ይብሰልበት። ማን ያስቸኩለኛል ዛሬ?»

ሲወጣ ከሰል ነበር። አካፋው ላይ ሆኖ እንደ ኮረብታ ተነፍቶ፣ ጥቁር። ዜፌሪና አየችው። ከዚያ በቢላዋ ጀርባ መታችውና ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ ቡናማ ነው፤ ዓይን ዓይን አውጥቷል፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ዓይኗን ያረጠበው እንፋሎት ነው ለሚሉት እንፋሎት ነው።

ጋስፓር እጁን ዘረጋ። ቁራሹን አፉ ውስጥ አደረገና ዝም ብሎ አላመጠ።

«እንደጻፍኩት አይደለም» አለ።

«ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

«ያቃጥላል» አለ፤ ሌላ ቁራሽም ጠየቀ።

*

ሊመሽ ሲል ጋስፓር ቀንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ዜፌሪና ጥቁሩን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ከፊቱ ረገጠችለት። መንገዱ አጭር ነው፤ ከምድጃው ቤት እስከ አማሮ በር። ያን ጊዜ ቀንዱ ሊሄድበት የሚገባው መንገድ ነበር።

አማሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። የጎደለው እግሩ በበግ ቆዳ ተጠቅልሎ ከፊቱ ተዘርግቷል። ሲመጡ አልተነሣም። ዜፌሪና ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ፈታ፤ ጥቁሩን አየ፤ አየና ከጥርስ የተረፈው ድዱ እስኪታይ ፈገግ አለ።

ጋስፓር ምስማሩን ሊፈልግ እጁን ወደ መቃኑ ዘረጋ። እንጨቱን ዳሰሰ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አላገኘውም። ዜፌሪና አንድ እርምጃ ተራመደች። አማሮ ከዘራውን አነሣባት። እሷም ቆመች።

ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የጋስፓርን እጅ ከአንጓው ያዘና ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ወሰደው። ጣቶቹን ምስማሩ ላይ አሳረፋቸው። ጋስፓር ቀንዱን ሰቀለ።

«አረፈድክ፣ ጋስፓር» አለው አማሮ።

«መንገድ ያዘኝ፣ ጋሼ አማሮ።»

አማሮ የተንጠለጠለውን ቀንድ አየ፤ ሲወዛወዝ ቆይቶ እስኪቆም ድረስ። ከዚያ በሩን በትከሻው ገፋ።

«በሉ ግቡ» አለ። «ቤቱን አታቀዝቅዙብኝ። እንጨቴን ለሰኞ ነው የማስቀምጠው፤ ተራው የኔ ነው።»